አዲስ ወረዳ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የቦታ ዋጋ

በሰቆጣ የፍየል፣ የማርና የማሽላ ዋጋ የሚቆረጠው በገበያ ቀን ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዕቃው ታይቶና ተዳስሶ፣ ደላላ መሐል ገብቶ ዋጋው ይወጣል። የቦታ ዋጋ የሚቆረጠው ግን በሌላ ቀንና በሌላ መንገድ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ሰነድ ይገዛል፤ ፖስታ ይታሸጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል። አሸናፊው ይዞት የሚሄደውም መሬት አይደለም። ይዞት የሚሄደው ማኅተም ያረፈበት ውል ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በአገራችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። ነጋዴው በጨረታ የሚገዛው ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት፣ ማለትም ሊዝ ነው። መብቱን የሚሰጠው፣ የሚመዘግበውና ክርክር ሲነሳ «ይህ ቦታ የእርሱ ነው» ብሎ የሚመሰክረው ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ቦታ የሚፈልግ ባለሀብት ከቦታው አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቦታውን የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ነው። መዝገቡ የጸና ከሆነ ቦታው ዋጋ አለው። መዝገቡ የላላ ከሆነ ግን አስፋልት ዳር ያለ ቦታ እንኳ የክርክር ፋይል ከመሆን አያልፍም።

ጉዳዩ የሚያሳስበው አስተዳደር ሲከፈልና አዲስ ወረዳ ወይም አዲስ የከተማ አስተዳደር ሲቋቋም ነው። ያን ጊዜ ሰሌዳው ይለወጣል፣ ማኅተሙ ይለወጣል፣ የቦታ ዋጋም ከዚያው ጋር ይነሳል። ለመሆኑ የሚነሳው ዋጋ ምንን ተመርኩዞ ነው?

ከርስት ወደ ሊዝ

ዋግ በዋግሹሞች ሲተዳደር የኖረ አገር ነው። ሰቆጣም የአስተዳደሩ መቀመጫና ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በዚህች የንግድ ከተማ ጨው፣ በቅሎ፣ ማርና ጨርቅ ሲሸጥና ሲለወጥ መሬት ግን እንደ ሸቀጥ ገበያ አልወጣም። የሰሜኑ ርስት በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለነበረ ለባዳ አሳልፎ መስጠት የወገንን ድርሻ እንደ መሸጥ ይቆጠር ነበር።

በኋላ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆነ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሱ። ከኢሕአዴግ መግባት በኋላ የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 በ1986 ወጣ። ሁለተኛው፣ ቁጥር 272፣ በ1994 ተተካ። ሦስተኛው፣ ቁጥር 721፣ በ2004 ታወጀ። በዚያው ዘመን ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ሆኖ ተዋቀረ፤ ሰቆጣም መቀመጫው ሆነች።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የዋግ ሰው መሬትን በዋጋ መተመን የለመደው በሊዝ ዘመን ነው። ስለዚህ የቦታ ገበያው እድሜው አጭር ነው፤ የቆየ የዋጋ ማስታወሻ የለውም። አዲስ አበባ ያለ ባለሀብት በ2007 መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር 305 ሺህ ብር መቅረቡን ሰምቶ ገበያውን ከዚያ አንጻር ሊለካ ይችላል። ሰቆጣ፣ አምደወርቅ ወይም አስከተማ ላይ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ አይሠራም። እዚያ ዋጋውን የሚያወጣው የተጫራች ብዛት ሳይሆን የአስተዳደሩ ውሳኔ ነው።

ወረዳ ሲከፈት ምን ይለወጣል?

አንድ ቦታ የወረዳ ከተማ ትሆናለች ሲባል በመጀመሪያ የሚመጣው ደመወዝተኛ ነው። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ግብርና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ገቢዎች ሁሉም ሠራተኛ ይልካሉ። ሠራተኛው ኪራይ ቤት ይፈልጋል፣ ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል። ከደመወዝተኛው ቀጥሎ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ የእህል ወፍጮና የቤንዚን በርሜል ይከተላሉ። ማዘጋጃ ቤት ሲቋቋም ደግሞ ቀያሽ ይመጣል፤ ፕላን ይነደፋል፤ ቦታ ይሸነሸናል፤ ችካል ይተከላል። ትናንት የገብስ ማሳ የነበረው ዛሬ «ብሎክ» እና «ፓርሴል» ይባላል።

ይሁንና የደመወዝተኛው ብዛት ልክ አለው። በ1999 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ 426,213 ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 29,951 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ ሰባት ያህሉ ነው። ሰቆጣ ብቻዋን 22,346 ነዋሪ ነበራት። ቀሪዎቹ የወረዳ ከተሞች በሙሉ ተደምረው የተካፈሉት 7,605 ሰው ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ቢያድግም የሚያሳየው ነገር ለነጋዴ ግልጽ ነው። በዞኑ የከተማ ገበያ ከአራት ሦስቱ እጅ ሰቆጣ ላይ የተሰበሰበ ነበር። ስለዚህ በአዲስ ወረዳ መቀመጫ ላይ «የነገዋ ሰቆጣ» እየተባለ የሚወራውን ዋጋ የሚቀበል ሰው ቢያንስ ኪራዩን ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ ሊቆጥር ይገባል።

አቅም የለም ማለት አይደለም። የተከዜ ግድብ በ2002 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግድቡ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ዓሣ አስጋሪ አፍርቷል። የአበርገሌ ፍየል በአገር ደረጃ የታወቀ ዝርያ ነው። የዋግ ማርም ስሙ የወጣ ነው። በሐምሌ 2007 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከተማዋን በሕፃናት መቀንጨር ምክንያት በዓለም መድረክ እንድትጠራ አድርጓታል፤ በጀትና ፕሮጀክትም ወደ አካባቢው ስቧል። ዓሣ ማቀዝቀዣ፣ የማር ማጣሪያ፣ የፍየል ማቆያና የእህል መጋዘን የሚሠራ ሰው ቦታ ያስፈልገዋል። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰው ከሱቅ ፈላጊው ጋር በአንድ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስለሚጫረት፣ ቦታውን የሚወስደው የሚያለማበት ሳይሆን ነገ አትርፎ የሚያስተላልፈው ሊሆን መቻሉ ነው።

አንድ መሬት፣ ሁለት መዝገብ

የሰቆጣ ከተማ አስተዳደርና የሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ናቸው። አንደኛው የከተማ ቦታ ያስተዳድራል፤ ሌላኛው የገበሬ ይዞታ። የከተማው በሊዝ አዋጅ ይሠራል። የገጠሩ ደግሞ በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ፣ በ2009 በወጣው ቁጥር 252፣ ይመራል። የገጠሩ ወረቀት የገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሆን የከተማው ወረቀት ካርታና የሊዝ ውል ነው።

ከተማው ሲሰፋ የገበሬው ማሳ ወደ ከተማ ክልል ይገባል። በሕጉ ሥርዓት ቢሄድ ገበሬው ይነገረዋል፣ ንብረቱ ይገመታል፣ ካሣ ይከፈለዋል፣ ደብተሩ ይሰረዛል፣ ከዚያም ቦታው በከተማው መዝገብ ይገባል። ደብተሩ ሳይሰረዝ ካርታ ከወጣ ግን አንድ መሬት በሁለት መዝገብ ይኖራል። ገበሬው «ደብተሬ እጄ ላይ ነው» ይላል፤ አሸናፊው «ውሌ እጄ ላይ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። አዲስ ወረዳ ሲከፈት ወይም ቀበሌ ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ሲዛወር ይህ አደጋ ይጨምራል፤ ፋይሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲጓዝ የሚቀር ገጽ አይጠፋምና።

ሌላም በር አለ። የቀበሌው ገበሬ ማሳው ወደ ከተማ ሊገባ መሆኑን ሲሰማ ካሣውን ከመጠበቅ ቆርሶ በመንደር ውል ለቤት ሠሪ ማስተላለፍ ይመርጣል። ገዢው በውክልና ወይም በብድር ውል ሽፋን ይገዛል። ሌሊት ይሠራል፤ በአንድ ወር ውስጥ መንደር ይሆናል። «ጨረቃ ቤት» የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ አስተዳደሩ ወይ ያፈርሳል፣ ወይ ሕጋዊ ያደርጋል። የሚያተርፈው አስቀድሞ የሸጠው ነው። የሚከስረው ደግሞ መጨረሻ የገዛው።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ይታይ። በ1997 የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ምርቱን አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። በ2011 የወጣው ቁጥር 1161 ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ዝናብ በሚያጥርበት በዋግ የምርቱ መነሻ ዝቅተኛ ስለሆነ ማባዣው ቢያድግም ድምሩ ትንሽ ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ ጨረታ ላይ ሲወጣ ግን በካሬ ሜትር ይሸጣል። ገበሬው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ካሣው ሳይጠናቀቅ ጨረታ የሚያወጣ አስተዳደር ለአሸናፊው የሚያስረክበው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ቂምም አብሮ ያስረክባል።

አሜሪካኖች በኦሃዮ ያዩት

መንግሥት አዲስ አስተዳደር ከፍቶ የሕዝብ መሬት ወደ ገበያ ሲያወጣ የእኛ የመጀመሪያ አይደለም። አሜሪካ ከነፃነቷ ማግስት ዕዳዋን ለመክፈል መሬት ለመሸጥ ወሰነች። በመጀመሪያ ሽያጩ በዋና ከተማ ስለነበረ ገዢው ቦታውን አያይም፤ ሻጩም ገዢውን አያውቅም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1800 የወጣው ሕግ የኦሃዮን አገር በአራት የመሬት ወረዳ ከፈለ። በሲንሲናቲ፣ በቺሊኮቲ፣ በማሪዬታና በስቱበንቪል ቢሮ ተከፈተ።

የእያንዳንዱ ቢሮ አሠራር ቀላል ነበር። ሁለት ሹም ይቀመጣሉ፤ አንዱ መዝጋቢ፣ ሌላው ገንዘብ ተቀባይ። መዝጋቢው ገንዘብ አይነካም፤ ገንዘብ ተቀባዩ መዝገብ አይጽፍም። ሁለቱ መዛግብት ካልተስማሙ ሽያጩ አይጸናም። በዚህ ረገድ የተማሩት ትምህርት ዛሬም ይጠቅማል።

ሌላው ግን ብዙ አስከፍሏቸዋል። ዋጋው በኤከር ሁለት ዶላር ሆኖ ገዢው ሩቡን ከፍሎ የቀረውን በአራት ዓመት እንዲጨርስ ተፈቀደለት። ትንሽ ቅድሚያ በመክፈል ሰፊ መሬት የያዘው ሰው በዛ። አብዛኛው አልሚ ሳይሆን ዋጋ ጠባቂ ነበር። በ1819 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ገዢዎች ለመንግሥት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረባቸው። በ1820 ሕጉ ተለውጦ ብድሩ ቀረ፤ ዋጋው በኤከር ወደ አንድ ዶላር ከሩብ ወረደ፤ ትንሹ ይዞታም 80 ኤከር ሆኖ ለአነስተኛ ገዢ በር ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሲሆን መሬቱ ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑን መርሳት አይገባም። የከተማ ዳሩ ገበሬ ጉዳይ እዚያም ነበር፤ መልሱ ግን ካሣ ሳይሆን ጦር ነበር።

ቅድመ ክፍያው አይሸውድ

የእኛም ሊዝ ትንሽ ቅድሚያና ረጅም ዕዳ ነው። በ2004ቱ አዋጅ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከመቶ አሥር እንዳያንስ ተደንግጓል። የቀረው በየዓመቱ እኩል እየተካፈለ ይከፈላል፤ ባልተከፈለው ላይ በንግድ ባንክ የማበደሪያ ምጣኔ ወለድ ይታሰባል። የሊዙ ዘመን ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለመኖሪያ 99፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት እንዲደርስ ተፈቅዷል።

ለሒሳብ ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ 500 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 1,000 ብር አሸነፈ እንበል። ጠቅላላው 500,000 ብር ነው። ከመቶ አሥር ከፍሎ 50,000 ብር ሲያወጣ ቦታው በእጁ የገባ ይመስለዋል። የቀረው 450,000 ብር በ40 ዓመት ሲካፈል በዓመት 11,250 ብር ነው፤ ይህም ቀላል ይመስላል። ወለዱ ከመቶ አሥራ አምስት ነው ብንል ግን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 67,500 ብር ይሆናል። በድምሩ 78,750 ብር። ነጋዴው ገና ግንብ አልሠራም፤ ተከራይም የለውም። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ታሪክ ይህ ነው።

«ሳልሠራ አስተላልፌ አተርፋለሁ» የሚልም አለ። አዋጁ ይህን በር አጥብቦታል። ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱና የሠራውን ግንባታ ዋጋ ያገኛል፤ ከሊዝ መብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ ግን የሚደርሰው ከመቶ አምስት ብቻ ነው። ቀሪው ለመንግሥት ነው። ግንባታውን ሳይጨርስ ለሦስተኛ ጊዜ ያስተላለፈ ደግሞ ከጨረታ ሊታገድ ይችላል። ሕጉን ለማለፍ በውክልና የሚሸጥ ሰው ትርፉን ለመደበቅ ሲል መብቱን አብሮ ይደብቃል። ገዢውም ስሙ በመዝገብ የሌለ ባለቤት ሆኖ ይቀራል።

ቢሮው በሌለበት ቦታ ዋጋ የለም

መዝገብ የቦታ ዋጋ ግማሽ አካል መሆኑን የሚጠራጠር ካለ የሰሜኑን ጦርነት ያስታውስ። ጦርነቱ በ2013 ከተጀመረ በኋላ ሰቆጣን ጨምሮ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውረዋል። ከአበርገሌና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከተዋቀረው ከጻግብጂ ወረዳ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ ላይ ተጠልለው ነበር። ቦታው ባለበት ነበር፤ ድንበሩም አልተነቃነቀም። ነገር ግን ካርታ የሚያወጣ፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ውል የሚመዘግብ ቢሮ በሌለበት ጊዜ ቦታው ለባንክ መያዣ አይሆንም፤ ለወራሽም ማስረጃ የለውም። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ አለ ወይ?» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ወረቀቱስ?» የሚል ነው። በጦርነት አካባቢ አዲስ አስተዳደር የሚያቋቁም ሁሉ የመዝገቡን ቅጂ ከወረዳው ውጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥን ከሕንፃ ግንባታው ማስቀደም ይኖርበታል። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ከፖስታው በፊት

እንግዲህ በሰቆጣም ሆነ በአዲሶቹ የወረዳ መቀመጫዎች ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ ፖስታውን ከማሸጉ በፊት የሚከተሉትን ቢያጣራ አይጎዳም።

አንደኛ፣ ቦታው ቀድሞ በማን ይዞታ ነበር? የገበሬው ደብተር ተሰርዟል? ካሣው ተከፍሏል? ይህን ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከገጠር መሬት ጽሕፈት ቤቱም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሊዝ አዋጁ ራሱ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ የሆነ፣ ከፕላን ጋር የተስማማ፣ መሠረተ ልማት የቀረበለትና የራሱ መለያ ቁጥር ያለው እንዲሆን አዝዟል። ስለዚህ ጥያቄው ውለታ መለመን ሳይሆን መብት ነው።

ሁለተኛ፣ መነሻ ዋጋው መቼ ተሠራ? አዋጁ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ ይላል። ያረጀ መነሻ ዋጋ ለተጫራች ርካሽ ቢመስልም መሠረተ ልማቱ የሚሠራበት ገንዘብ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የዓመቱ የጨረታ ዕቅድ ወጥቷል? በዚህ ወር አሥር ቦታ፣ በሚቀጥለው መቶ ቦታ የሚያወጣ አስተዳደር ዛሬ የተገዛውን ዋጋ ነገ ይጥለዋል። ምን ያህል በጨረታ፣ ምን ያህል በምደባ፣ ምን ያህል ለቤት ሠሪ ማኅበራት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያስታወቀ ግን ለገበያው ዋስትና ሰጥቷል።

አራተኛ፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ካርታው፣ ውሉና ደረሰኙ የሚመሳሰል ቁጥር አላቸው?

አምስተኛ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ የተጻፈው የክፍያ ዘመን፣ የወለድ ምጣኔና የግንባታ መጀመሪያ ጊዜ ምንድን ነው? መመሪያ ይለዋወጣል፤ የሚያስገድደው ግን የተፈረመው ውል ነው።

ለአስተዳዳሪዎቹም የሚባል አለ። አዲስ ወረዳ ሲቋቋም የመሬት ገቢ ፈጣን ገንዘብ ስለሆነ ዓይን ይስባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጨረታ የሚሸጠው ቦታ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደሩ ስምም አብሮ ለገበያ ይወጣል። አንድ አሸናፊ ቦታውን ሳይረከብ ሦስት ዓመት ቢመላለስ ወሬው ወልዲያ፣ ደሴና አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ጨረታ ላይ ተጫራች አይመጣም። ካሣው የዘገየበት ገበሬም ጎረቤቱን መክሮ ቀሪውን ማሳ በጨረቃ ያስይዘዋል። የዋግ ነጋዴ በአሞሌ ዘመን ጨውን አንሥቶ፣ ዳር ዳሩን ዳስሶ፣ ያልተሸራረፈውን መርጦ ይገዛ ነበር። ዛሬም የቦታ ወረቀት ሲቀርብለት በዚያው ዓይን ቢያየው ይበጀዋል።